ሁለቴ የተለካው ሆድ

በሐዲድ ሰፈር ቧንቧው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ያስላል፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ይፈስሳል። አምስት ሰዓት ላይ ሳይረን ይጮሃል። ከሳይረኑ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ሰው ካለበት አይወጣም፤ መንገድ ላይ የተገኘም ምክንያቱን ይጠየቃል። ከሚያቃጥለው ፀሐይ ለመሸሽ ነው፤ የጥላ ሰዓት ይሉታል። በ2081 ዓ.ም. የሰፈሩ ወጣቶች ቀትር ላይ ደጅ ቆመው አያውቁም፤ አምሯቸውም አያውቅም።

ሜላት ቧንቧው ሲዘጋ መቀነቱን በትከሻዋ ጥላ ትወጣለች። መቀነት ሲባል ድሮ ሴቶች ወገባቸውን የሚያስሩበት አይደለም። ጤና ጣቢያው ለአምስት አምስት ቤት አንድ አንድ ያደለው፣ ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ሲታሰር የእንሽርቱን ውሃ ለክቶ ቁጥር የሚናገር ነገር ነው። ሜላት የአምስቱ ቤት መሪ ናት፤ ከባቡር ጣቢያው ትኬት ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ነው። የነፍሰ ጡሯን ስም መቀነቱ ላይ በአውራ ጣቷ ትነካለች፣ ታስራለች፣ እስኪሞቅ ትጠብቃለች፣ ቁጥሩ ሲመጣ ደግሞ በአውራ ጣቷ ታጸድቃለች። ቁጥሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ የሴትዮዋ በር ላይም መብራት ይሆናል። ስምንትና ከዚያ በላይ አረንጓዴ፣ ከስምንት በታች ቢጫ።

የሚያስፈራው መብራቱ አይደለም። ቢጫ ለበራባት ሴት ተጨማሪ ውሃ ይለቀቅላታል፤ ያ ውሃ ደግሞ የሚመጣው ከአራቱ ጎረቤቶቿ ነው። የእነሱ ቧንቧ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። ፀጉሩን ሳሙና ቀብቶ የቀረ ሰው የማን በር ቢጫ እንደሆነ ለማየት አይወጣም፣ ያውቀዋል። አንድም ሰው ፊት ለፊት አያማርርም። "እግዜር በሰላም ይገላግላት" ይባላል፣ ቃሉም መልካም ነው፤ አባባሉ ነው ሌላ።

ከሁለት ዓመት በፊት የተዋበች በር ሁለት ወር ሙሉ ቢጫ ነበር። ተዋበች ከሜላት ሦስተኛው ቤት የምትኖር፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲስቅ አብራ የምትስቅ ሴት ናት። ሴት ልጅ ወለደች፤ በሰላም። ክርስትናው ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ሜላት፣ ጨዋታ አዋቂ ናትና፣ "ለዚችስ ልጅ ክርስትና ምን ያደርግላታል፣ በእኛ ውሃ ተጠምቃ ነው የወጣችው" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ሶልያና እስከ ዛሬ ያንን ቀልድ እያነሱ ይስቃሉ። እማማ ሶልያና ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በልጅነታቸው ስማቸው እንደ ዘመናዊ ይቆጠር ነበር፣ አሁን ግን ስሙን ብቻ የሰማ ሰው አሮጊት መሆናቸውን ያውቃል። ወጣቶቹ ተዋበችና አስካለ ተብለው ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሰዋል። ተዋበችም የዚያን ቀን አፏን በእጇ ሸፍና ስቃለች።

ዘንድሮ ተዋበች እንደገና አረገዘች። ቁጥሯ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት ነው፤ በሯ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ነው። በዚያው ሰሞን የሜላት ምራት አስካለም አረገዘች። አስካለ የልጇ የናሆም ሚስት ናት። ናሆም የጭነት ባቡር ላይ ይሠራል፤ ወደ ወደቡ ይሄዳል፣ በሁለት ወር አንዴ ይመጣል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያሉት አማትና ምራት ብቻ ናቸው፤ ሰፈሩ እንደሚለው ግን እናትና ልጅ። አስካለ "እማማ" ትላታለች፣ ስትጠራትም ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች።

ሰባተኛው ወር አልቆ ስምንተኛው እንደ ገባ፣ ሜላት አንድ ቀን ጠዋት አስካለን ጓዳ ውስጥ ቆማ አንድ ጨርቅ ከኋላዋ ደብቃ አገኘቻት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ምንም እማማ። ማለቴ... ሌሊት ረጥቦብኝ ነው። ሳላውቀው።"

አስካለ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። ውሃ በደቂቃ በሚመጣበት ሰፈር የረጠበ ጨርቅ መደበቂያ የለውም፤ ታጥቦ የሚሰጣበት ገመድ ለሁሉም ይታያል።

"ሽንት ነው" አለቻት ሜላት እየሳቀች። "ልጁ ፊኛሽን ሲጫነው ነው። እኔም ናሆምን ሳረግዝ እንደዚሁ ነበርኩ፤ ባሌ ጣሪያው ነው የሚያፈሰው ወይስ አንቺ ነሽ ይለኝ ነበር። በይ ወዲያ በይው።"

አስካለ አብራ ሳቀች፣ ጨርቁንም ወዲያ አለችው። ሁለተኛ አላነሳችውም።

ቁጥሯ ግን ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ አንድ፣ ከዚያ ወደ ዘጠኝ ወረደ። ሜላት ያንን ሁሉ በአውራ ጣቷ አጸደቀች። ማክሰኞ ቀን መቀነቱ ሰባት አለ።

መቀነቱ "ይጽደቅ?" ብሎ ይጠብቃል። ሜላት ጣቷን አንስታ አልነካችውም። "ገና አልሞቀም፣ ኋላ እደግመዋለሁ" አለችና ፈታችው። አስካለ ቀሚሷን አውርዳ ወደ ሥራዋ ገባች። ሜላት ወደ ተዋበች ቤት እስክትደርስ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነገ ጠዋት የተዋበች ቧንቧ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል፣ እማማ ሶልያና ባልዲያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ቢጫውም በር የሜላት ነው። ያንን ቀልድ ማን እንደሚመልሰውና በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚመልሰው ታወቃት። ደረቷ በሐፍረት ጋለ፣ ገና ምንም ሳይሆን።

የተዋበች ሆድ አሥራ አራት አለ። አጸደቀችው። ከዚያ መቀነቱ ተዋበች ላይ እንደታሰረ የአስካለን ስም ነካች። አውራ ጣቴ በራሱ ሄደ ብላ ለብዙ ቀን ለራሷ ነግራለች። ጣት በራሱ አይሄድም። ቁጥሩ በአንድ ቀን ከዘጠኝ ወደ አሥራ አራት ወጣ፤ ወደ ላይ የወጣ ቁጥር ደግሞ ጥሩ ወሬ ስለሆነ ጤና ጣቢያ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

"ሁለቴ ነው እንዴ ዛሬ?" አለች ተዋበች።

"ላንቺ ብዬ ነው። ያለፈው እንዳይደገምብሽ።"

ተዋበች ቀሚሷን ካስተካከለች በኋላ በዓይኗ ብቻ አመሰገነቻት። ሜላት ያንን አስተያየት ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች።

አንድ ቀን ብቻ ነው ብላ ነበር። ከዚያ ሦስት ቀን ብቻ ነው አለች። አስካለ ላይ ለይምሰል ታስረዋለች፣ "ገና አልሞቀም" ወይም "ጥሩ ነው" ትላታለች፣ ቁጥሩን ግን ከተዋበች ሆድ ታመጣዋለች። ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ የራሷን የመጠጥ ውሃ ለአስካለ ማጠጣት ጀመረች። እሷ ከንፈሯ እየደረቀ፣ ሽንቷ እንደ ሻይ እየጠቆረ፣ ኩባያውን እያስጨበጠች "ጨርሺው፣ እኔ ጠጥቻለሁ" ትላለች። ውሃው ሲገባ ቁጥሩ ይወጣል፣ ቁጥሩ ሲወጣ ውሸቱ እውነት ይሆናል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል፤ ሐሳቧ ይህ ነበር። ሰባቱ ግን ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ አራት። አንድ ቀን የአስካለን አልጋ ስታነጥፍ ከፍራሹ ሥር አራት የታጠፉ ጨርቆች አገኘች። አንዱን አንስታ አሸተተችው። የሽንት ሽታ የለውም። ድንች የተቀቀለበት ውሃ ሲቀዘቅዝ የሚሸተውን ይመስላል። መልሳ አጣጥፋ ከነበረበት አስቀመጠችው፤ አልጋውንም አንጥፋ ጨረሰች።

ያን ዕለት ነው ያወቀችው። ከዚያ በኋላም ስምንት ቀን ዝም አለች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት አስካለ ቁርስ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እማማ፣ ልጁ ዝም ብሎብኛል። ትናንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ዛሬ ጭራሽ።"

ተነስተው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተር ረድኤት አዋላጅ ናት፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ፈገግታዋ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው። አስካለ ስትናገር አንገቷን እየነቀነቀች ቁጥሮቹ የሚታዩበትን ሰሌዳ አየች። ሆዷን አልነካችም። ሆድ መዳበስ ከቀረ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ሲስተር ረድኤትም በትምህርት ቤት ሥዕል ላይ ከማየት በቀር ዳብሳ አታውቅም።

"አሥራ አራት ነው" አለች። "እንደ አንቺ ቁጥሯ የማይዋዥቅ ሴት የለችኝም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልክ እንደ ጎረቤትሽ። ስምንተኛው ወር ላይ ልጁ ትልቅ ስለሚሆን ቦታ ይጠበውና እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ጭንቀት ነው። ውሃ ጠጪ፣ ተኚ።"

"ዝም ሲል ፈርቼ ነው እንጂ" አለች አስካለ።

"ምንም አይደል፣ የመጀመሪያ ልጅ ነው።" ሲስተር ረድኤት ወደ ሜላት ዞረች። "እማማ ሜላት እኮ አሉልሽ።"

ሜላት አፏን ከፈተች። አዳራሹ ውስጥ ሳይረኑ ከመጮኹ በፊት የገቡ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ግማሹ የምታውቀው ሰው ነው። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች፣ የአስካለንም ክንድ ይዛ ወጣች።

መንገድ ላይ አስካለ "ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ እማማ" አለቻት። ሜላት እርምጃዋን አፈጠነች። ቤት እንደ ደረሱ "እስቲ ልየው" ብላ መቀነቱን አሰረችላት። እስኪሞቅ ድረስ ሁለቱም ግድግዳውን ያያሉ። ሁለት አለ።

"ስንት ነው?"

"ጥሩ ነው። ተኚ፣ በግራ ጎንሽ" አለች። የመጨረሻው ውሸቷ ይህ ነው።

ሳይረኑ ጮኸ። ሜላት በሩ ላይ ቆማ አሰበች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አሰበች ማለት ይቻላል። ሁለት ብላ ብታጸድቅ፣ በአንድ ቀን ከአሥራ አራት ወደ ሁለት የወረደ ቁጥር የመቀነቱ ብልሽት ነው ተብሎ መቀነቱ ለጥገና ይወሰዳል፤ ሦስት ቀን። ሄዳ ብትናገር ሲስተር ረድኤት ብታምናት እንኳ በቁጥር የሚታዘዘው የአምቡላንስ መኪና አያምናትም፤ በጥላ ሰዓት አሥራ አራት ወዳለበት በር አይንቀሳቀስም። ያለፈ ቁጥር የሚታረመው በሁለት አውራ ጣት ነው፦ በለካው ሰውና ሆዱ በተለካው ሰው። ስለዚህ ወደ ተዋበች መሄድ አለባት። ሦስተኛው ቤት ነው። እስኪደርሱበት የሚፈጀው ሃምሳ እርምጃ ነው፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል፤ ሜላት ግን መንገዱ በረዘመ ብላ ተመኘች።

ተዋበች ሲሚንቶው ላይ እርጥብ ጨርቅ ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ ተኝታለች፤ ልጇ አጠገቧ እንቅልፍ ወስዷታል። በዚህ ሰዓት በሩ ሲከፈት ደንግጣ በክርኗ ተነሳች።

"እትዬ ሜላት? ምን ሆኑ?"

ሜላት አልተቀመጠችም። ቆማ ነገረቻት። ስትጀምር ዙሪያውን ለመሄድ ሞክራ ነበር፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መቀነቱ እርጅና፤ ግን የአስካለ ሆድ ሁለት ማለቱን ስትናገር የቀረው ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ተዋበች መሬት መሬቱን እያየች ሰማቻት።

"ስንት ቀን?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"ሁለተኛው ልኬት ለአስካለ ነበር ማለት ነው።"

"አዎ።"

ተዋበች ጨርቁን ከደረቷ አንስታ አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው። "እኔ ደግሞ ለእኔ መስሎኝ" አለች። "ለእናቴ ሳይቀር ነገርኳት። እትዬ ሜላት ሁለቴ ነው የሚለኩኝ፣ ያንን የክርስትናውን ነገር ሲክሱኝ ነው አልኳት። እናቴ ደስ ብሏት አለቀሰች።"

ሜላት በሕይወቷ ተሰድባ ታውቃለች፣ አንዴም በጥፊ ተመትታለች። የአሁኑን ያህል ግን ተሰምቷት አያውቅም። ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች፣ የተኛችው ልጅ ላይ ጣለችውና ከዚያም አነሳችው።

"ልጁ ይንቀሳቀሳል?" አለች ተዋበች።

"ከጠዋት ጀምሮ የለም።"

"እንግዲያ ምን ቆመናል? ነጠላዬን ከምስማሩ ላይ ያቀብሉኝ። ልጅቷን ለእማማ ሶልያና እንሰጣለን።"

"ተዋቡ፣ እኔ..."

"አሁን አይናገሩኝ" አለች ተዋበች ነጠላዋን አናቷ ላይ እያደረገች። "መጀመሪያ መንገዱን ልሂድ።"

ሁለቱ ሴቶች ቀትር ላይ መንገድ ወጡ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡሯ ከፊት ናት። ማዕዘኑ ላይ ጠባቂው ከጥላው ሳይወጣ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። "ምክንያት?" አለ። ምክንያቱን መናገር የነበረባት ሜላት ወደ መሬት አየች። "እርማት" አለች ተዋበች፣ መንገዷንም ቀጠለች።

የጤና ጣቢያው አዳራሽ በጥላ ሰዓት የታገደ ሰው ሞልቶታል፤ ወደ አርባ ይሆናሉ። እርማት የሚሰጥበት ጠረጴዛ መሐል ላይ ነው፣ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር ተብሎ። ሜላት አውራ ጣቷን አሳረፈች፣ ተዋበችም አሳረፈች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ፣ የአየር ጠባይ የሚያነበው ያው የረጋ የሴት ድምፅ፣ እንዲህ አለ፦ "እርማት። በአምስት ቤት መሪ ሜላት ተፈራ የጸደቁት የአስካለ ገብሬ የአሥራ ዘጠኝ ቀን ቁጥሮች የአስካለ ገብሬ አይደሉም። የተዋበች መኮንን ናቸው። የአስካለ ገብሬ የዛሬ ቁጥር ሁለት ነው። አስቸኳይ።" ድምፁ እንደ ደንቡ ሁለት ጊዜ ደገመው።

ማንም ወደ ሜላት አላየም። አርባ ሰው አንድ ላይ ሆኖ አንድን ሰው ላለማየት ሲጠነቀቅ ክፍሉ ይጠባል። አንዲት እናት ልጇ ሊዞር ሲል አገጩን ይዛ መለሰችው። ሜላት አንድ ሰው ተነስቶ ቢሰድባት ብላ ተመኘች።

መኪናው ወጣ። ሲስተር ረድኤት አብራ ሄደች፤ እንድትሄድ ደንብ አያስገድዳትም። አስካለ በግራ ጎኗ እንደ ተባለችው ተኝታ ነበር። አዋላጇ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ የት እንደምትጀምር ስላላወቀች ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ ያዘችው። ከዚያ ቀስ ብላ ጫን አለች። መዳፏ ሥር ውሃ የለም፤ የልጁ ጀርባና ጉልበት ከቆዳው ሥር ወዲያው ተገኘ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ እንደሚዳሰሰው። "ጠዋት ፊቴ ነበረች" አለች ሲስተር ረድኤት፤ ለማንም አይደለም የተናገረችው። ለአስካለ ግን "ውሃሽ ቀንሷል፣ ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን" ብቻ አለቻት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በኦፕራሲዮን ተወለደ። ወንድ ነው፤ ኪሎው ሁለት አልሞላም። የቀረው ጥቂት ውሃ አረንጓዴና ወፍራም ነበር። እትብቱ በልጁ ትከሻና በማህፀኑ ግድግዳ መሐል ተጨፍልቆ ተገኘ፤ የልብ ምቱ ሊቆም ሲል ነው የደረሱበት። ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ አንደኛው ጉንጩ ጠፍጥፏል። ሐኪሙ ሽማግሌ ሰው ነው፣ በቁጥር ሳይሆን በአፍ ማስረዳት የሚወድ ዓይነት። ጽንስ ውሃውን ወደ ሳንባው እየሳበና እየመለሰ ነው ሳንባውን የሚያሳድገው አላት ለሜላት፤ ውሃው ሲያልቅ ሳንባው መለማመጃ ያጣል፣ እግሩም መዘርጊያ ያጣል። የእንሽርቱ ሽፋን ሳይቀደድ አልቀረም፣ ውሃው ለሳምንታት ሲንጠባጠብ ነበር፤ በዚያው ቀዳዳ ኢንፌክሽን ገብቶ እናትየውንም አግኝቷታል። "ሁለት ሳምንት ቀድመን ብናገኛት ሆስፒታል አስተኝተን፣ መድኃኒት ሰጥተን፣ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ወግተን እንጠብቃት ነበር" አለ። የሚያናግራት ማን እንደሆነች አያውቅም። ሜላት ራሷን ነቀነቀች።

አስካለ አምስት ቀን በትኩሳት ተንቀጠቀጠች። ልጁ ማሞቂያ ውስጥ ዘጠኝ ቀን በመተንፈሻ ዋለ፣ አደረ። ሜላት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ በመስተዋቱ ታየዋለች፤ ደረቱ ሲነሳ ትተነፍሳለች፣ ሲዘገይ ትታፈናለች። በስምንተኛው ቀን ከጤና ጣቢያው መልእክት መጣላት። ስለ ሰጠችው እርማት ምስጋና ቀርቦላታል፤ እርማቱ በሕይወት ላይ ጉዳት ሳይደርስ በመሰጠቱ የመሪነት ሥራዋን መቀጠል እንደምትችል ተገልጿል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ልጁን ከማሞቂያው አውጥተው አስካለ ደረት ላይ አስተኙት። እግሩ እስከ ጉልበቱ በጀሶ ተጠቅልሏል፤ በየሳምንቱ እየተፈታ፣ ትንሽ እየተመለሰ እንደገና ይታሰራል፣ ለወራት። አስካለ በአንድ ጣቷ ጀሶውን ዳሰሰችው፣ ከዚያ አማቷን ቀና ብላ አየቻት።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ለምኑ፣ ልጄ?"

"ጨርቁን ካሳየሁዎት በኋላም አልቆመም ነበር። በየቀኑ ይረጥብ ነበር። ሁለተኛ ለመናገር አፈርኩ። ፍራሹ ሥር እደብቀው ነበር።" ድምፅዋ ቀጠነ። "ቁጥሩ ጥሩ ነው ሲሉኝ ደግሞ እኔ ነኝ የማበዛው አልኩ። ልጁ ዝም ሲል እንኳ አንድ ቀን ቆየሁ። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እግሩ እንዲህ አይሆንም ነበር። ለናሆም ምን እለዋለሁ?"

አልጋው አጠገብ መስኮት አለ፤ መስኮቱ ላይ መጋረጃ። ሜላት መጋረጃውን አየችው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ግን ለአራስ እንዲህ ያለ ነገር የሚነግር የለም፣ ነውር ነው። ቢያንስ እስከ ክርስትናው አርባ ቀን ድረስ ዝም ማለት ይቻላል። ምናልባት ከዚያም በኋላ። የምትለው ቃል ሳይቀር ተዘጋጅቶ አፏ ላይ ነበር፦ አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የእግዜር ሥራ ነው። ሰው ሁሉ የሚለው ነው፣ ደግነትም ይመስላል። ልትለው ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ የአስካለ ጣት ጀሶው ላይ ሲመላለስ አየች፣ የሠራችውን ጉዳት እንደሚነካ ሰው።

"ያንቺ ጥፋት አይደለም" አለች። "የእኔ ነው።"

ነገረቻት። ሰባቱን፣ የተዋበችን ሆድ፣ አሥራ ዘጠኙን ቀን፣ ከፍራሹ ሥር ያገኘቻቸውን አራት ጨርቆች፣ አሽትታ እንዳስቀመጠቻቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው ሳለ እግዜር ይስጥልኝ ብላ እንደወጣች። ለምን እንዳደረገችው ስትደርስ ምክንያቱ አንሶ ታያት፤ ቢጫ መብራት ፈርታ ነው። ሰው እንዳይስቅባት። እሱንም እንዳለ ተናገረችው።

አስካለ አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኗን ጨፈነች፣ ልጁንም ትንሽ ወደ አንገቷ አስጠጋችው። ነርሷ ገብታ ጡት ይዞ እንደሆነ ጠየቀች፣ አየች፣ ወጣች። ከአጠገባቸው አልጋ ያለችው ሴት ዞራ ተኛች።

"ሁለት ሲል" አለች አስካለ በመጨረሻ፣ "ጥሩ ነው አሉኝ። በግራ ጎንሽ ተኚ አሉኝ።"

"አዎ።"

"እኔም ተኛሁ።"

ሜላት ወደ መሬት አቀረቀረች። ተነስታ ልትወጣ አሰበች፤ አልወጣችም።

"ናሆም ያውቃል?"

"አያውቅም።"

አስካለ ከትራሷ ሥር ስልኳን አወጣች። በአንድ እጇ ልጁን እንደያዘች በሌላው ደወለች፣ ድምፁን ከፈተችው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ በሁለቱ መሐል አስቀመጠችው።

"እርስዎ ይንገሩት" አለች። "እኔም እየሰማሁ።"

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ። ከወዲያ ማዶ የባቡር ጩኸትና ነፋስ መጣ፣ ከዚያ የናሆም ድምፅ፣ ደስታ የሞላበት።

"አስኩዬ? ልጄስ? ዛሬ ሊያወጡት ነው አላልሽም?"

"እኔ ነኝ" አለች ሜላት።

"እማዬ። እንዴት ነሽ? እዚህ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ እያለኝ ነው። እናቴ አጠገቧ ናት፣ ምንም አልሰጋም ነበር እላቸዋለሁ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?"

አስካለ አማቷን ትኩር ብላ ታያለች። ልጁ ደረቷ ላይ አጭር አጭር ይተነፍሳል። ሜላት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"ናሆም፣ እስክጨርስ አትዝጋው" አለች። "መጀመሪያ ሰባት ነበር።"